ወደ ጉዴሌ የሄደው ጀሪካን

ያኔ ጁባ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ባለቤቴ ደሳለኝ ሙኑኪ በሚባል ሰፈር የጄኔሬተር መለዋወጫ ይሸጣል፤ እኔም እሱን ተከትዬ ነው ከሆሳዕና የመጣሁት። በኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪ ይዤ የመጀመሪያውን ዓመት ሱቃችን ውስጥ ፊልትሮና ካንዴላ ስሸጥ ከረምኩ። «ሞያ አለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ ሲመጣ ልቤ ይዘል ነበር። በኋላ ግን በጁባ ዓረብኛ «ሞያ» ማለት ውኃ መሆኑን ተማርኩ። ሰዎቹ ውኃ ጠምቷቸው ነበር እንጂ ስለ እኔ ሞያ የጠየቀኝ ማንም አልነበረም።

ከማላኪያ ሰፈር ብዙ የማይርቅ አንድ ኮሌጅ የኬሚስትሪ መምህር ሲፈልግ ሳመለክት ያለ ብዙ ጥያቄ ተቀጠርኩ። ላቦራቶሪው አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሁለት የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ አንድ ሚዛንና ጥቂት ቢከር የሚባሉ የመስታወት መቀላቀያዎች ያሉት ክፍል ነው። ከኋላው በቆርቆሮ የተከደነች ትንሽ ዕቃ ቤት አለች። ለእኔ ግን ቤተ መንግሥት ነበር። ካስተማርኩ በኋላ ብቻዬን እየቀረሁ፣ ተማሪ ሳለሁ የጀመርኩትን ሥራ ቀጠልኩ።

ሥራው ምን እንደነበር በአጭሩ ላስረዳ። ንጹሕ የመስታወት ቁራጭ ቢከር ውስጥ በቁሙ ይሰቀላል። ቢከሩ ውስጥ የካድሚየም ጨው፣ አሞኒያና ሰልፈር ያለበት ሌላ ዱቄት በውኃ ሟሙተው ይገባሉ፤ የጣት ጫፍ ያህል ማንጋኒዝም ይጨመራል። ከዚያ ሳይፈላ ይሞቃል። መጀመሪያ ላይ ሲታይ ተራ ውኃ ነው። ቆይቶ የሎሚ መልክ ይይዛል፤ ቀስ በቀስ እንደ እርድ ይበጠበጣል። መስታወቱ ወጥቶ ሲታጠብ ከፀጉር እጅግ የሳሳ ቢጫ ሽፋን ላዩ ላይ አድጎ ይገኛል። ይህ ሽፋን ሴሚኮንዳክተር ነው፤ ስልካችንና ቴሌቪዥናችን ውስጥ ላሉት ብርሃን ሰጪ ነገሮች የሥጋ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። ጨለማ ክፍል ውስጥ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ሲበራበት ራሱ ብርቱካናማ ብርሃን ያወጣል። ባትሪውን የገዛሁት የዶላር ኖት ሐሰተኛ መሆኑን ለመለየት ከሚሸጡት ነው።

መጀመሪያ የበራልኝ ቀን ከጎኔ የነበረው የላቦራቶሪው ረዳት ጋትዌች ነው። ጋትዌች ደቡብ ሱዳናዊ ነው። በልጅነቱ ተሰድዶ ጋምቤላ ያደገ፣ ከዚያም አዲስ አበባ የተማረ ስለሆነ አማርኛው ከእኔ አይተናነስም። መጋረጃውን ዘግተን ባትሪውን ስናበራ ጎንበስ ብሎ አየውና፣ «እህቴ፣ ይሄንን እኛ ነን የሠራነው?» አለኝ። እኔም እንደ እሱ ማመን አቅቶኝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሐሳቤ ሁሉ የበለጠ ማብራቱ ላይ ሆነ። ብርሃኑ ትንሽ ቢደምቅ ሌላ አገር ላለ ትልቅ ላቦራቶሪ ልኬ አብሬአቸው መሥራት እችላለሁ እያልኩ እመኝ ነበር።

በየጊዜው ቢከሩ ውስጥ የሚተርፈው ፈሳሽ ግን መርዝ ነው። ካድሚየም ወደ ሰው ሆድ ከገባ መጀመሪያ ጨጓራን ይጎዳል፤ ኩላሊት ውስጥ ከተቀመጠ ደግሞ በቀላሉ አይወጣም። ጁባ ውስጥ እንዲህ ያለውን ቆሻሻ የሚረከብ አካል ፈልጌ አጣሁ። መሬት ላይ እንዳልደፋው ብዬ ቢጫ የዘይት ጀሪካኖች ውስጥ አጠራቅመው ጀመር። የአሞኒያው ክርፋት መምህራኑን ስላስቸገራቸው አሲድ ጨምሬ ሽታውን አጠፋሁት። ክዳኑን በጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር አሸግኩ፤ በእንግሊዝኛና በዓረብኛ «መርዝ» ብዬ ጽፌ የራስ ቅል ሥዕል ያለበት ወረቀት ለጠፍኩ። ዕቃ ቤቷን ቆልፌ ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ያዝኩ። የሚገባኝን ሁሉ አደረግሁ ብዬ አስብ ነበር።

ያ ክረምት ዝናቡ የከበደ ነበር። የውኃ ቦቴዎች በጭቃው ምክንያት ወደ ብዙ ሰፈር መግባት ካቆሙ ሰንብተዋል። አንድ ቀን ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ፣ ጠዋት ኮሌጁ ስደርስ የዕቃ ቤቷ ቆርቆሮ ተገንጥሎ ግቢው መሃል ወድቋል። አንዱ ግድግዳም ተደርምሷል። የቀኑ ጥበቃ፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ወደ እኔ መጡና «አይዞሽ ኡስታዛ» አሉኝ፤ መምህርትን እንደዚያ ነው የሚጠሯት። «ላዶ ከዝናቡ ጋር ሲታገል ነው ያደረው። ዕቃሽን ሁሉ በረንዳው ላይ አውጥቶልሻል። የጠፋ ነገር የለም።»

ላዶ የሌሊቱ ጥበቃ ነው። ዝምተኛ፣ ቀጭን ወጣት ነው፤ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። በረንዳው ላይ ሚዛኑን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ የመስታወት ሣጥኖቼን ደርድሮ አስቀምጧል። ጀሪካኖቹም ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሦስት ነበሩ፤ ሦስቱም አሉ። ወረቀቶቹ በዝናቡ ተልጠው ሄደዋል፤ ጀሪካኖቹ ወገባቸው ድረስ ጭቃ ለብሰዋል። «ጌታ ይመስገን» ብዬ ወደ ክፍሌ ልገባ ስል አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። ከሦስቱ የአንዱ ክዳን ፕላስተር የለውም። እንዳይፈስ በፌስታል ቁራጭ ተወትፏል።

ከፍቼ አየሁት። እስከ ታች ድረስ የጠራ ነው። ቢጫ ዝቃጭ የለው፣ ምን የለው። ውኃ ነው።

«አባባ፣ ይሄ ጀሪካን የማን ነው?» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው አዩት። «የላዶ ይመስለኛል። ከኮሌጁ የውኃ ገንዳ አንድ አንድ ጀሪካን ወደ ቤቱ እንዲወስድ ተፈቅዶለታል። ውኃ ስለጠፋ።»

«ዛሬስ ወሰደ?»

«ወስዷል እንጂ። ጎሕ ሲቀድ ቦዳቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ላይ አስሮ ሄደ።»

ለሚቀጥሉት አፍታዎች ምን እንዳደረግሁ በደንብ አላስታውስም። ጋትዌች ከመንገድ ሲገባ ክንዱን ይዤ እየጎተትኩ ጀሪካኖቹን ማሳየቴን አስታውሳለሁ። እሱ ብዙ ማብራሪያ አላስፈለገውም። ስልኩን አውጥቶ ለላዶ ደወለ፤ ዝግ ነው። ደግሞ ደወለ።

«ቤቱን ታውቃለህ?» አልኩት።

«ጉዴሌ ሰፈር ነው። ቦታውን በግምት አውቀዋለሁ። ነይ፣ ሞተሬ ላይ ውጪ።»

ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ ሞተሩ ኋላ ወጣሁ።

አስፋልቱ እስካለ ድረስ በፍጥነት ሄድን። ጉዴሌ ውስጥ ለውስጥ ስንገባ ግን መንገዱ ወንዝ ሆኗል። ሞተሩ ይንሸራተታል፤ ጋትዌች በእግሩ ጭቃውን እየገፋ ይመልሰዋል። አንድ ጭቃ ውስጥ የሰመጠ የጭነት መኪና ጋ ስንደርስ በጎኑ ልናልፍ ሞክረን ሁለታችንም ወደቅን። ክርኔ ተላጠ፤ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ሞተሩን አንድ ሱቅ በር ላይ ጥለን በእግር ሮጥን።

በዚያ መንገድ ላይ ያየሁትን እስካሁን አልረሳውም። ቢጫ ጀሪካን በየቦታው ነው። በሴቶች ራስ ላይ፣ በጋሪ ላይ፣ በየሱቁ ደጃፍ፤ የእጅ ፓምፑ ጋ ደግሞ ወረፋ ይዘው ተደርድረዋል። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የእኔ ነው እያልኩ እያንዳንዱን ክዳን ሳይ አንዲት ሴት ቆጣ ብላ ጀሪካኗን ወደ ኋላዋ ሸሸገችብኝ።

ጋትዌች ሰው እየጠየቀ በመጨረሻ አንድ በቀርከሃ የታጠረ ግቢ ጋ ደረስን። አንዲት ወጣት ሴት ልብስ ታሰጣለች። ቀና ስትል ሆዷን አየሁት። እርጉዝ ነች፤ ያውም የገፋ እርግዝና። የላዶ ሚስት ኪደን ይህች ናት። ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም።

ሰላምታ ተሰጣጣን። በዚያ አገር፣ ቤትህ እየተቃጠለም ቢሆን ሰላምታው አይዘለልም። የእኔ የጁባ ዓረብኛ ለገበያ የሚበቃ ስለሆነ ብዙውን የተናገረው ጋትዌች ነበር።

«ላዶ የለም» አለች። «ጡብ ሊሸከም ሄዷል። ቀን ሌላ ሥራ አለው።»

«ጠዋት ያመጣው ጀሪካን የት ነው?»

ጭቃ የለበሰ ልብሴን፣ ባዶ እግሬን፣ የጋትዌችን ፊት በየተራ አየች። «የትኛው ጀሪካን?» አለች።

ጀሪካኑ ከኋላዋ በሩ ሥር ተደፍቷል። አንገቱ ላይ የጥቁር ፕላስተር ቅዳጅ ተንጠልጥሏል። ባዶ ነው።

«ያ» አልኳት በጣቴ እያሳየሁ። «ውኃው የት አለ?»

«ደፋሁት።»

«የት?»

«ውጭ። ድፍርስ ነበር፣ ደፋሁት። ማንም አልጠጣም።» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «ባሌ ሌባ አይደለም። ውሰድ ብለውት ነው የወሰደው። ደግሞ ውኃ ነው፤ ለውኃ ብላችሁ ከሥራ ልታስወጡት ነው?»

ያን ጊዜ የመጣነው ላዶን ልንከስ መስሏት እንደሆነ ገባኝ። የኮሌጅ ሰዎች ነን፤ ስለ ጀሪካን እንጠይቃለን፤ ፊታችን የደም ጠብታ የለውም። እሷ በምን ታውቃለች?

ጋትዌች ሊያስረዳት ሲጀምር ወደ ቤቱ መግባት እችል እንደሆነ ጠየቅኋት። ከበሩ ዘወር አለችልኝ። የጭቃ ቤት ነው፤ መስኮቱ ትንሽ ስለሆነ ውስጡ ይጨልማል። ጥጉ ላይ እነሱ ዚር የሚሉት ትልቅ የውኃ ጋን በሳሕን ተከድኖ ቆሟል። ከፍቼ ሳይ እስከ ግማሹ ውኃ አለው። ዳመናማ ነው፤ ከነጭ ዓባይ የሚቀዳው ውኃም አንዳንዴ እንደዚያ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። እንዲረጋ ትተውት ኖሯል።

ከቦርሳዬ ባትሪዬን አውጥቼ ጋኑ ውስጥ አበራሁ።

ውኃው ውስጥ ብርቱካናማ ጭጋግ ታየ። ታች፣ ጋኑ ወለል ላይ ደግሞ እንደ ፍም ደመቀ። ስንት ወር ሙሉ ይበልጥ እንዲደምቅ ስለፋለት የነበረው ብርሃን ነው። በሕይወቴ እንደዚያ የጠላሁት ነገር የለም።

ኪደን በሩ ላይ ቆማ አየችው። ባትሪውን ወደ ጎን ሳዞር ጋኑ አጠገብ የተደፉ ኩባያዎች ነበሩ። አንዱን ቀና አደረግሁት፤ የለም። ሌላውን አነሳሁ። ታቹ ላይ ቀለበት ሠርቶ ይበራል።

«ኪደን፣ በዚህ ኩባያ ማን ጠጣ?»

«ማንም።»

«ላዶ ነው?»

«ላዶ አልጠጣም። ጀሪካኑን አስቀምጦ ወዲያው ነው የሄደው። ማንም አልጠጣም ብዬሻለሁ።»

ከዚህ በላይ ብጠይቃት ደጋግማ እንደምትክድ ገባኝ። እዚያው ጭቃው ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ጋትዌችን «ቃል በቃል ንገራት፣ አንዲት ነገር አታስቀር» አልኩት።

«ላዶ የሰረቀው ነገር የለም። ዕቃዬን በዝናብ ውስጥ ያወጣልኝ እሱ ነው። በጨለማ ጀሪካን ተሳሳተበት እንጂ የራሱን ውኃ ነበር የሚወስደው። የእሱ ንጹሕ ውኃ አሁንም ኮሌጁ በረንዳ ላይ አለ። ይህኛው የኔ ነው። ውስጡ ያለው መርዝ ነው፤ ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ። የሚጠየቅ ካለ እኔ ነኝ የምጠየቀው። አንቺን የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ማን እንደጠጣ ንገሪኝ።»

ጋትዌች ሲጨርስ ኪደን እኔን፣ ከዚያ ኩባያውን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች።

«እኔ ነኝ» አለች።

የሚቀጥለውን በተቆራረጠ ድምፅ ነው የነገረችን። ላዶ ከሄደ በኋላ ጠምቷት አንድ ኩባያ ጠጥታለች። ብረት ብረት አላት። ጥሟ አልቆረጠላትም፤ ሁለተኛውን ኩባያ እስከ ግማሽ ደገመች። ብዙም ሳትቆይ አስመለሳት፤ ሆዷን ቆረጣት። እርግዝናው ነው ብላ ተኝታ ተነሳች። ከዚያም በኋላ አስመልሷታል። ቤታቸው ውስጥ ሌላ ሰው የለም፤ ልጁም የመጀመሪያቸው ነው።

ጋትዌች ራክሻ ፍለጋ ወጣ፤ ባለሦስት እግሯን መኪና እዚያ እንደዚያ ነው የሚሏት። እኔ ጋኑን በላስቲክ ጠርቅሜ አሰርኩ፤ ኩባያውን ፌስታል ውስጥ ከተትኩ። ኪደን ቁልፉን ስታወጣ ከእጇ ወስጄ በሩን እኔ ቆለፍኩት። ለጎረቤቷም ላዶ ሲመጣ ወደ ሆስፒታል እንዲልከው ነገርናት።

ራክሻው ውስጥ ኪደን ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ሄደች። መንገድ ላይ ሁለቴ አቁመን አስመለሳት። አንዴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ኡስታዛ፣ ልጁ ከጠዋት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም» አለችኝ። ይህን ያለችኝ በዝግታ፣ የገበያ ዋጋ እንደምትነግረኝ ያህል ነው። እጇን ያዝኩ። በልቤ «ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ» ከማለት ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

ሆስፒታሉ በሰው ተጨናንቋል። አንድ ወጣት ሐኪም አግኝተን ጉዳዩን ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠና አየኝ።

«ምን ያህል ነው ውስጡ የነበረው?»

መጠኑን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ቀላቅዬ የሠራሁት እኔ ነኝና። መዳፌ ላይ ጽፌ አስልቼ ሰጠሁት። ቁጥሩን አየና ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«የምደብቅሽ ነገር የለም» አለኝ። «ይህን ከሰውነት ጠራርጎ የሚያወጣ መድኃኒት እዚህ የለንም። ቢኖርም ለእርጉዝ ሴት ለመስጠት እፈራለሁ። ፈሳሽ እንሰጣታለን፤ ኩላሊቷን እንከታተላለን። ቶሎ ማስመለሷ በጅቷታል። ሌላው መጠበቅ ነው።»

«ልጁስ፣ ዶክተር?»

«አዋላጅ እልክልሻለሁ።»

አዋላጇ ግን ሌላ ምጥ ላይ ነበረች። ጠበቅን። ግሉኮሱ ጠብ ጠብ ይላል። ኪደን ዓይኗን ጨፍናለች፤ እጇ ከሆዷ ላይ አልተነሳም። ጋትዌች ግድግዳው ሥር ቆሞ ስልኩን ያያል፤ ግን ስልኩ ላይ ምንም እንደማያይ አውቃለሁ። እኔ ጭቃዬ ሰውነቴ ላይ ደርቋል። ደሳለኝ ደውሎ «የት ነሽ?» ሲለኝ ስልኩን ለጋትዌች ሰጠሁት።

እንደዚያ ሳለን ላዶ መጣ። የጡብ አቧራው ፀጉሩ ላይ አለ። በሩ ጋ ቆሞ ሚስቱን አያት፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ጎረቤቷ የሰማችውን ነግራዋለች። ይጮኽብኛል፣ ምናልባትም ይመታኛል ብዬ ተነስቼ ቆምኩ። ቢመታኝም አልፈርድበትም ነበር።

«ኡስታዛ» አለ፣ «የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

«አይደለም ላዶ። ወረቀቱ ተልጦ ነበር። አንተ በምን ታውቃለህ?»

«ጀሪካኖቹን ሳወጣ ወረቀቱን አይቻለሁ። የሰው ራስ ቅል አለው። የመኪና ባትሪ አሲድ ነው ብዬ ነበር፤ ውኃ የሚመስል ነገር ነው አላልኩም። የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በእጄ ነው የሰጠኋት። ጠጪ ብዬ ነው የሰጠኋት።»

መልሴን አልጠበቀም። አልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ የኪደንን እግር ያዘ።

አዋላጇ ስትመጣ ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ነበር። ወፍራም፣ የደከማት ሴት ናት፤ በእጇ ትንሽ የእንጨት ቀንድ የመሰለ ማድመጫ ይዛለች። ማንንም ሰላም ሳትል ኪደን ሆድ ላይ አንዱን ጫፍ አስቀምጣ በሌላው ጆሮዋን ደገፈች። እጇን ወደ እኛ ዘርግታ ዝም እንድንል አዘዘች። ዝም አልን። የክፍሉ ሌሎች በሽተኞች ጭምር ዝም አሉ።

ማድመጫውን ወደ ቀኝ አዞረችው። ጠበቀች። ወደ ታች አወረደችው። ጠበቀች። ፊቷ ላይ የማነበው ነገር አልነበረም። ላዶ አቀርቅሯል። እኔ ወደ ኪደን ማየት አቅቶኝ መሬት መሬት አያለሁ። እንደገና ወደ ግራ ወሰደችው፤ አሁን ጫን አደረገችው። በጣም ቆየች። ከዚያ ጆሮዋን ሳታነሳ፣ ዓይኗን ሳትከፍት፣ የቀኝ እጇን ጣት አልጋው ብረት ላይ አሳርፋ መታ መታ ማድረግ ጀመረች።

ጣ፣ ጣ፣ ጣ፣ ጣ። ፈጣን ነው፤ እንደ ትንሽ ወፍ ልብ።

መጀመሪያ ምን እንደምታደርግ አልገባኝም። ኪደን ቀድማኝ ገባት። የአዋላጇን ጣት እያየች እንባዋ በሁለቱም ጆሮዎቿ በኩል ወደ ትራሱ ወረደ። አዋላጇ የምትሰማውን የልጁን ልብ እኛ እንድናየው ብረቱ ላይ እየመታችልን ነበር። ላዶ ቀና ብሎ እጁን ዘረጋና መዳፉን ብረቱ ላይ አስቀመጠ። የብረቱን ንዝረት ሊዳስስ ነበር።

«አለ» አለች አዋላጇ ቀና ስትል። «ፈርቷል፤ ግን አለ።» ማድመጫዋን ኪሷ ከትታ ወደ ሌላ አልጋ ሄደች።

ኪደን ሆስፒታል ውስጥ ሰነበተች። በማግስቱ ምሽት ልጁ ሲንቀሳቀስ እጄን ይዛ አስነካችኝ። ከቤተ ክርስቲያናችን ኅብረት ያሉ እህቶች እየተፈራረቁ ምግብ አመጡላት፤ አብረዋት አደሩ። ደሳለኝ ደግሞ ላዶን ይዞ ሄዶ ጋኑን፣ ኩባያዎቹንና ጀሪካኑን እኔ እንዳዘዝኩት አሽጎ አመጣቸው፤ በምትኩ አዲስ ጋን ገዛላቸው። የኮሌጁ አስተዳደር ስብሰባ ጠራ። አንዱ ሰው «ጥበቃው ያልተፈቀደለትን ንብረት ከግቢ አውጥቷል» ብሎ ሲጀምር ተነስቼ፣ ላዶ ከተባረረ እኔም በዚያው ቀን እንደምወጣ ተናገርኩ። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ሁለታችንም ሥራችን ላይ ቀረን፤ እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ያንስብኛል እንጂ አይበዛብኝም።

ልጅቷ ጊዜዋ ትንሽ ሲቀረው ተወለደች። ትንሽ ነበረች፤ ለቅሶዋ ግን ከቁመቷ በላይ ነው። ዛሬ ትሄዳለች፣ ታወራለች። የኪደን ኩላሊት በየጊዜው ሲመረመር እስካሁን ደህና ነው። «እስካሁን» የምለው ሆን ብዬ ነው። ካድሚየም ከሰው ገላ ቶሎ አይወጣም፤ ሐኪሙም ዕድሜዋን ሙሉ መመርመር እንዳለባት ነግሮናል። በምርመራዋ ቀን አብሬያት እሄዳለሁ። ውጤቱን እስኪሰጡን አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስለ ሌላ ነገር እናወራለን።

የቀረውን መርዝ በሙሉ ጋትዌችና እኔ በኬሚካል አዝቅጠን ከሲሚንቶ ጋር አቦካነው፤ ጠጣር ሆኖ በርሜል ውስጥ ታሽጎ ይገኛል። ካድሚየም ከዚያ ወዲህ አልነካሁም። አሁን የምሠራው በዚንክ ነው። አስቸጋሪ ነው፤ መስታወቱ ላይ አልጣበቅ ብሎኝ ወራት ፈጅቷል፤ ብርሃኑም እንደ ድሮው አይደምቅም። ይህን ለአንድ የቀድሞ የትምህርት ጓደኛዬ ብነግረው «እንግዲያው ወደ ኋላ ተመለስሽ ማለት ነው» ብሎ ጻፈልኝ። መልስ አልጻፍኩለትም። የትኛው ወደ ኋላ እንደሆነ በደብዳቤ ማስረዳት የምችል አልመሰለኝም።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ስጽፍላችሁ ስለ ኬሚካል ጥንቃቄ ልሰብካችሁ አስቤ አይደለም። ከእኔ የበለጠ የተጠነቀቀ ሰው አለ ብዬ አላምንም ነበር፤ ቆልፌያለሁ፣ አሽጌያለሁ፣ በሁለት ቋንቋ ጽፌያለሁ። ያላደረግሁት አንድ ነገር ነው። ከቁልፉ ውጭ ለሚያድረው ሰው፣ ከቁልፉ ጀርባ ምን እንዳለ አልነገርኩትም። ላዶ ያን ግቢ ሌሊት ሌሊት ሲጠብቅልኝ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። ለመናገር የሚፈጀው ደግሞ አንድ ሰላምታ ከሚፈጀው ጊዜ ብዙም አይበልጥም።

ሕፃኗ አንገቷ ከጠና በኋላ ኪደን አዝላት ኮሌጁ መጣች። «ያ ውኃ የተሠራበትን ክፍል አሳዪኝ» አለችኝ። አስገባኋት። ቢከሮቹን፣ ምድጃውን፣ የመስታወት ቁራጮቹን አንድ በአንድ እያነሳሁ ምን ምን እንደሚሠሩ በተሰባበረው ዓረብኛዬ አስረዳኋት። በጥሞና ሰማችኝ። አንዳንዱን ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ስጨርስ ልጇን ጀርባዋ ላይ አስተካክላ ወደ በሩ ሄደች፤ እዚያ ቆም አለች።

«ሳይገባኝ የቀረ የለም» አለች። «ያኔም ብትነግሪን ኖሮ ይገባን ነበር።»

አሁን ትምህርት ሲከፈት፣ ተማሪዎቼን ከማስገባቴ በፊት ጥበቃዎቹንና የጽዳት ሠራተኞቹን እዚያው ክፍል ውስጥ አስቀምጬ እነግራቸዋለሁ። ይጠይቁኛል፤ እመልሳለሁ። ላዶ ከፊት ነው የሚቀመጠው።